ሁለት ቱርቦና አንድ እርጥብ ፎጣ

ጋሼ ሁልጊዜ የሚሉኝ ነገር አለ፤ «ቱርቦ መኪና ልታይ ስትሄድ ቀለሙን ተወውና ባለቤቱ ሞተሩን እንዴት እንደሚያጠፋ እይ።» አዲስ አበባ ሳሉ የራሳቸው ጋራዥ ነበራቸው። ዛሬ እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የኛ ሰው መኪናው ሲያስቸግረው መጀመሪያ የሚደውለው ለእሳቸው ነው።

ምክራቸው ከባዶ አልመጣም። ቱርቦ የሚዞረው በጭስ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ በዘንጉ አንድ ጫፍ ያለውን መዘውር ያሽከረክራል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ደግሞ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይልካል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል፤ ያን ሁሉ ሲዞር ከብረት ጋር እንዳይፋጭ የሚጠብቀው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዳገቱን ሲያስጮኻት መጥቶ ወዲያው ቁልፉን የሚያጠፋ ሰው ዘይቱን የጋለ ብረት ላይ አቁሞት ይሄዳል። ዘይቱ ይከስላል፣ መተላለፊያው ይጠባል፣ ውሎ አድሮ ዘንጉ ይበላል። አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ አቆይቶ የሚያጠፋት ግን ዕድሜ ይጨምርላታል። የዚህ ልዩነት ዋጋ የሚከፈለው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ባለቤቱ ሌላ ሰው ሆኗል።

ዓይኔን የጣልኩባት ኒሳን 300 ዜድኤክስ ትዊን ቱርቦ ናት። ልጅ ሆነን ሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ግራን ቱሪስሞ ስንጫወት ሌሎቹ ወደ ሱፕራው ሲሮጡ እኔ እሷን ነበር የምመርጠው። ዝቅ ያለው ግንባሯና የተጋደሙት መብራቶቿ እስከ ዛሬ ልቤን ያሸፍቱታል። ለአሜሪካ ገበያ እንደ ፈረንጆቹ ከ1990 እስከ 1996 ሞዴል ቀርባለች፤ 3 ሊትር ቪ6 ሞተር፣ በማኑዋል ካምቢዮ 300 የፈረስ ጉልበት። በ1989 ጃፓን ውስጥ ስትወጣ የተጻፈላት 280 ነበር፤ የጃፓን አምራቾችም ከዚያ በኋላ እስከ 2004 ድረስ በወረቀት ላይ ከዚህ ቁጥር ላለማለፍ ተስማምተው ቆይተዋል።

ባለቤቴ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ልጆቹስ የት ሊቀመጡ ነው?» የትም። እዚህ አገር የተሸጠችው ቱርቦዋ ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያላት፤ የኋላ ወንበር ያለው ሞዴል ቱርቦ የለውም። ለልጆቹ ካምሪው አለ። «አገር ቤት ስንገባ ይዘናት እንገባለን» የሚለው ሐሳብም ከተዘጋ ቆይቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። ስለዚህ የምገዛት እዚሁ ልነዳት ነው።

ሻጩ ፍሮንት ሮያል አካባቢ ነው የሚኖረው። ከመሄዴ በፊት በስልክ «ችግር አለባት?» ብዬ በግልጽ ጠይቄው «ምንም» ብሎኛል። ስደርስ ከአንድ ቦታ እየገባ ነበር። ደጁ ላይ ካቆመ በኋላ ሞተሩን በሚኒሞ ትቶት ሰላም አለኝ፤ ወሬ ጀመረልኝ፤ ያጠፋት ከዚያ በኋላ ነው። ልቤ ሞቅ አለ። የዘይት ቅያሪ ደረሰኞቹን በዓመት በዓመታቸው ሰድሮ በክላሰር አስቀምጧቸዋል። የታይሚንግ ቺንጊያውን ስጠይቀው «ተቀይሯል» አለኝ፤ ደረሰኙ ግን የለም።

እኔ መሪው ላይ እሱ ከጎኔ ሆነን ወደ ኢንተርስቴት 66 ወጣን። ፍሪሲዮኗ ጠንከር ይላል። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጣት መጀመሪያ ዝም ትልና፣ ቆጣሪው 3,000ን ሲያልፍ በስሱ የሚያፏጭ ድምፅ ይመጣል፤ ከዚያ ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። እውነቱን ለመናገር እዚያው ዋጋ ሳልከራከር ልከፍል ምንም አልቀረኝም ነበር። ለመመለስ ስንዞር ግን መንገጫገጭ ጀመረች፤ የቆጣሪው ቀስት ዜሮ ላይ ወደቀ፣ ሞተሩም ጠፋ። ግራ ቀኝ ሳልል ዳር አስያዝኳት። ትልልቅ የጭነት መኪኖች ሲያልፉ ነፋሳቸው መኪናዋን ይወዘውዛታል።

ሰውየው አልደነገጠም። ወረደና የኋላውን ከፍቶ ከፌስታል ውስጥ እርጥብ ፎጣ አወጣ። ኮፈኑን አነሳ፤ እዚያ ውስጥ እጅ የሚያስገባ ክፍተት የለም ማለት ይቻላል፣ ቱርቦ ለመቀየር እንኳ ሞተሩን ማውረድ ይቀላል ይባላል። እሱ ግን ሳያመነታ ፎጣውን ከሞተሩ ፊት ለፊት ያለች አንዲት ጠፍጣፋ ጥቁር ዕቃ ላይ ብቻ አጥፎ አስቀመጠ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆምን። ከዚያ በአንድ ቁልፍ ተነሳች።

ለጋሼ ደውዬ ስነግራቸው ወዲያው ገባቸው። ያቺ ዕቃ ፓወር ትራንዚስተር ትባላለች፤ ከኮምፒዩተሩ የሚመጣውን ትእዛዝ ወደ ካንዴላዎቹ ኮይሎች የምታደርስ እሷ ናት። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች የተሰቀለችው ሞተሩ ላይ ስለሆነ ሙቀት ያበላሻታል፤ ስትግል ሞተሩ ይጠፋል፣ ስትበርድ ይነሳል። መቀየሩ ቀላል ሥራ ነው። «ይሄማ ምንም አይደል» አሉኝ። ትንሽ ዝም አሉና «ፎጣው ግን ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁ።

እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነበር። ፎጣውን አርጥቦ ይዞ የወጣ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ እያወቀ «ምንም» ብሎኛል። ሌላውንም ሁሉ ያመንኩት በዚያው አፉ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ቺንጊያውን። የዚህ ሞተር ቺንጊያ በየ60,000 ማይሉ ካልተቀየረና ከተበጠሰ ፒስቶንና ቫልቭ ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አለቀለት ማለት ነው።

ጋሼን ይዤ ተመለስኩ። ኮምፕሬሽኗን ለኩ፤ ስድስቱም ተቀራራቢ ናቸው። ኢንጄክተሮቹን በመልቲሜትር ፈተሹ፤ ደህና ናቸው። ከሥሯ ገብተው ዝገት ፈለጉ፣ አላገኙም። «አንተ ልጅ፣ መኪናዋ ንጹሕ ናት፤ የሰውየውን ነገር ተወው» አሉኝ። በዚህ ከጋሼ ጋር አልተስማማሁም። መኪና በደንብ መያዝና እውነት መናገር ለየቅል ናቸው፤ እኔ ሁለቱንም እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ኮፈን ተከፍቶ የማይታየውን ነገር የሚነግረኝ እሱ ብቻ ነው። ለሻጩ ቺንጊያው ካልታየ እንደማልገዛ ጻፍኩለት። 1,000 ዶላር ልቀንስልህ አለኝ፤ ቅናሹ የቺንጊያውን ዕድሜ አይነግረኝም ብዬ መለስኩለት።

ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ሌላ ገዢ አግኝቷል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ፎቶ ላከልኝ። የፊት ሽፋኑን ራሱ ፈትቶ የቺንጊያውን ጥርሶች በባትሪ አብርቶ ያነሳው ነው፤ ሥር ሥራቸው ተሰነጣጥቋል። «ተቀይሯል» ያለኝ የቀድሞው ባለቤት በቃል የነገረውን ይዞ እንደነበር ጻፈልኝ፤ ስለ ፎጣውም ይቅርታ ጠየቀኝ። ለጋሼ ሳሳያቸው ፎቶውን አጉልተው ደጋግመው አዩትና የሚታዘዘውን ዝርዝር ይነግሩኝ ጀመር፤ ቺንጊያ፣ መወጠሪያው፣ የውሃ ፓምፕ፣ አዲስ ትራንዚስተር።

ሰውየው የእጅ ዋጋውን ሊችል፣ እኔ ዕቃውን ልገዛ ተስማማን። ሥራው የሚሠራው ጋሼ ባሉበት ነው፤ ቀሪውን ገንዘብ የምከፍለውም መኪናዋ ሞቃ ኢንተርስቴት 66 ላይ ሳትጠፋ ሄዳ ከተመለሰች በኋላ ነው። ዕቃውን አዝዣለሁ፤ ቅዳሜ እንሄዳለን።