እጅ አጣምሩ፣ እጅ ፍቱ

አዳማ፣ አንድ የሆቴል አዳራሽ። ሠላሳ ያህል ሠልጣኞች፣ በየጠረጴዛው የታሸገ ውሃና ከረሜላ፣ ከፊት ፍሊፕ ቻርት፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ያለ ርኅራኄ የሚነፍስ ኤሲ። የቡድን አሠልጣኙ ንግግሩን ገታ አድርጎ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወደ ተቀመጠች ሴት አመለከተና «እህታችን፣ ምነው ዘጋሽን? እስኪ ክንድሽን ፍቺው» አላት። አዳራሹ ሳቀ። ሴትዮዋ ክንዷን ፈታች፤ እስከ ምሳ ድረስ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጎኗ ነበር። እሱም አጣምሮ ነበር፤ ጠረጴዛው ስለጋረደው ብቻ ከምርመራው አመለጠ።

ጥበቡ ሊደነቅ ይገባዋል። ድሮ ሰው ምን እንደሚያስብ ለማወቅ መጠየቅ የግድ ነበር። መጠየቅ ጊዜ ይፈጃል፤ መልስ ያስከትላል፤ መልሱም አንዳንዴ ደስ አይልም። ያሁኑ አሠልጣኝ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ተገላግሏል። ክንዱን ያጣመረ «ተቃዋሚ»፣ እግሩን ያነባበረ «ተከላካይ»፣ አገጩን የያዘ «ተጠራጣሪ»፣ ወንበሩን ተደግፎ የተለጠጠ «ንቀት ያለበት»። አለቀ። ደም ሳይሰጡ ውጤት የሚነገርበት ሐኪም ቤት እንኳ እስካሁን አልተከፈተም።

ማስረጃውም ስላይድ ላይ ተዘጋጅቷል፦ «ከምንግባባው 93 በመቶው ቃል አይደለም»። ቁጥሩ የተገኘው በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የሥነ ልቦና ምሁር አልበርት መህራቢያን በ1967 (እ.ኤ.አ.) ከባልደረቦቻቸው ጋር ካወጧቸው ሁለት ጥናቶች ነው። ተሳታፊዎቹ የተቀዱ ነጠላ ቃላት ሰሙ፤ በአንደኛው ጥናት የፊት ፎቶግራፎችም አዩ፤ ከዚያም የተናጋሪውን ስሜት ገመቱ። ለቃል 7፣ ለድምፅ ቃና 38፣ ለፊት 55 የተሰጠው ከዚያ ነው። ሰውዬው ራሳቸው ቀመሩ ስለ ስሜት፣ ስለ መውደድና መጥላት ከሚደረግ ንግግር ውጭ እንደማይሠራ አሳስበዋል። ክንድ ደግሞ በቀመሩ ውስጥ ጭራሽ የለም። ይሁን እንጂ ስላይዱ ያምራል። አሠልጣኙ ከልቡ የሚያምንበት ከሆነ ክፍያውን 93 በመቶ በፈገግታ፣ 7 በመቶ በብር ቢቀበል ደግሞ የበለጠ ያምርበታል።

ስለ ክንድ የተጠናም አለ። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ሮን ፍሪድማንና አንድሩ ኤልየት ባወጡት ጥናት፣ ፊደላትን እያቀያየሩ ቃል የሚመሠርቱ ተማሪዎች ክንዳቸውን እንዲያጣምሩ ሲደረግ ቶሎ ተስፋ አልቆረጡም፤ የተሻለ መልስም አገኙ። ይህን የኛ አገር የአንደኛ ክፍል መምህራን ያለ ቤተ ሙከራ ደርሰውበታል። «እጅ አጣምሩ!» ሲባል ፈጥኖ ያጣመረ ልጅ ጨዋ ተብሎ አደገ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አዳማ ላይ አመፀኛ ሆኖ ተገኘ።

የሚያስቆጨው ይህ ዕውቀት ከአዳራሽ አለመውጣቱ ነው። ወደ ሽማግሌዎች ሸንጎ ቢወርድ ምን ነበረበት? ከዋርካው ሥር አምስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ተቀምጠዋል። በስላይዱ ሕግ ይህ አመፅ ነው። አሠልጣኙ ደርሶ ጋቢ ይወልቅ፣ ከዘራ ይሰብሰብ፣ መዳፍ ወደ ላይ ይዙር ይላል። ሊዳኙት የተቀመጡበት የድንበር ክስ ከሻይ እረፍት በኋላ እንዲታይ ይቀጠራል። ወሩ ነሐሴ ነውና ሁለቱ ሽማግሌዎች ማስነጠስ ይጀምራሉ፤ ማስነጠሱ «የታመቀ ስሜት መውጣት» ተብሎ ፍሊፕ ቻርት ላይ ይሰፍራል። ጋቢ ማስወለቁ እንደማያዛልቅ ሲታወቅ ኮሚቴ ይቋቋማል። ሽሮ ሜዳ ላሉ የባህል ልብስ ሠሪዎች ደረቱ ላይ መስኮት ያለው «ግልጽ ጋቢ» እንዲያቀርቡ ጨረታ ይወጣል፤ አሸናፊው መስኮቱን በጥለት ይከብበዋል። ለመስኮቱ መጋረጃ የጠየቁ አንድ አባት «ለለውጥ ዝግጁ ያልሆኑ» ተብለው ለተጨማሪ ሥልጠና ሐዋሳ ይላካሉ፤ ውሎ አበል ይታሰብላቸዋል። እሳቸው ዓሣ በልተው፣ አበል ተቀብለው ሲመለሱ የቀሩት አራቱም መጋረጃ ይጠይቃሉ። ክሱ ግን ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ይጓተታል፤ በደለኛው «አጥፍቻለሁ» ለማለት ሲቃረብ ፊቱን የሚሸሽግበት ጋቢ ያስፈልገው ነበርና።

ልቅሶ ቤትም ብዙ «ዝግ» ሰው ይገኛል። ቅጣት ምት ሲመታ ግድግዳ ሠርተው የሚቆሙ ተጫዋቾች እጃቸውን የት እንደሚያደርጉማ ባይነሳ ይሻላል።

የአዳማዋ ሴትዮ በርዷት ነበር። ይኸው ነው። ኤሲው ከአናቷ በላይ ነው፤ ቀና ብሎ ማየት ብቻ በቂ ነበር። ባይበርዳት እንኳ፣ ሰውን በሠላሳ ባልደረቦቹ ፊት በክንዱ መክሰስ ማሠልጠን አይደለም፤ ማሸማቀቅ ነው።

የሰውነት ምልክት እያነበቡ ልብን እናውቃለን ማለት ትልልቆቹንም አክስሯል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር የተጓዦችን ሁኔታ እያዩ አደገኛውን የሚለዩ ሠራተኞችን በአየር ማረፊያዎች አሰማርቶ ነበር። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የአገሪቱ መንግሥት የተጠያቂነት ቢሮ፣ መርሐ ግብሩ ከ2007 ጀምሮ 900 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደወጣበትና ለመሥራቱ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጾ ገንዘቡ እንዲገደብ መከረ። ሰው በምልክት ብቻ አታላይን የመለየት ችሎታው ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም እንደማይሻል የቀደሙ ጥናቶችን ጠቅሶ አስረዳ። አዳማ ላይ ያወጣነው የአንድ ቀን አበልና ሁለት ሻይ ብቻ ነው፤ ተመስገን።

ከአዳራሹ ብዙው ሰው አጣምሮ ከነበረ በእርግጥ የሚነበብ ነገር ነበረ፤ የሚነበበው ግን ክፍሉ እንጂ ክንዱ አልነበረም። የፊተኛው ረድፍ ላይ የሥራ ክፍላቸው ኃላፊ ማስታወሻ ደብተሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ባለፈው ስብሰባ ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ የጠየቀ ባልደረባቸው ሌላ ቅርንጫፍ መዛወሩን ሁሉም ያውቃል። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንሰን በ1999 (እ.ኤ.አ.) የሥራ ቡድኖችን አጥንተው እንዳሳዩት፣ ተናግሮ እንደማይጎዳ የሚያምን ቡድን ይጠይቃል፣ ስህተቱንም ይናገራል፣ ይማራልም። ሥራውን የሚያውቅ አሠልጣኝ ኃላፊውን መጨረሻ ላይ እንዲናገር ይለምነዋል፤ ሰዉን ሁለት ሁለት አድርጎ ያወያያል፤ ስም የማይጻፍበት ብጣሽ ወረቀት ያድላል፤ ዝም ያለችዋን ደግሞ በሻይ ሰዓት ለብቻዋ «ምን ይመስልሻል?» ይላታል። መልሱ «በረደኝ» ከሆነ ደግሞ ሪሞቱን ይፈልጋል።

ሪሞቱ በምሳ ሰዓት በአስተናጋጁ ኪስ ተገኝቶ ኤሲው ጠፋ። ከሰዓት በኋላ አብዛኛው ክንድ ተፈታ፤ አሠልጣኙም «የማነቃቂያ ጨዋታው ውጤት አሳይቷል» ብሎ ሪፖርቱ ላይ አሰፈረ። ሦስት ሰዎች ብቻ እንዳጣመሩ ቀሩ። ኃላፊው ከምሳ ተመልሶ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር።