አራት ብሎን

«አራት ብሎን ብቻ ነው፣ ጋሼ!»

ይህችን ቃል የሰማሁበትን ቀን አልረሳውም፤ ማክሰኞ ነበር፣ ኪሴም ሙሉ ነበር። ተናጋሪው መካኒኬ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነር» ይለዋል። ዲግሪ የለውም፤ ማዕረጉን የሰጠው ሰፈሩ ነው፤ ሰፈር የሰጠውን ማዕረግ ደግሞ የሚሽር ሴኔት የለም።

ነገሩ የእሜቴ ጉዳይ ነው። እሜቴ ከአባቴ የወረስኳት፣ በ1968 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ባለ 1300 ሞተር ቮልስዋገን ናት። ስሙን ያወጣላት አባቴ ነው። «እሜቴ ዛሬ አልተነሱም»፣ «እሜቴ አዲስ ካንዴላ አማራቸው» እያለ በአንቱታ ነበር የሚያወራት። እናቴን «አንቺ» እያለ መኪናውን «እሳቸው» ማለቱ በቤታችን ለአርባ ዓመት ያልተዘጋ ክስ ነው። እናቴ በበኩሏ የመኪናዋን ስም ጠርታ አታውቅም፤ «ያቺ ቆርቆሮ» ነበር የምትላት። እኔ ዘመናዊ ነኝና መሃል ገብቼ «አንቺ» እላታለሁ።

ኢንጂነር አልዋሸም። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚታሰረው እውነትም በአራት ብሎን ነው። ክሪክና ሁለት ጎበዝ ካለ፣ ከቁርስ በኋላ ተጀምሮ ከምሳ በፊት መሬት ላይ ቁጭ ይላል። ውሸቱ ያለው «ብቻ» የምትለው ቃል ውስጥ ነበር፤ እሷን የሚፈታ መፍቻ ደግሞ እስካሁን አልተሠራም።

ለነገሩ የድሮው ሞተር ደክሞ ነበር። ከፋብሪካ ሲወጣ ጉልበቱ 40 ፈረስ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን በር ላይ አስረክቦ ነው የሚገባው። 30 ቀረ በሉ። ከእነዚያም ውስጥ ግማሾቹ ጡረታ ወጥተዋል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ፣ የሀበሻ ልብስ ነጋዴዎቹ ቀሚስ አንስተው ያሳዩኛል፣ ዋጋ ይጠሩልኛል፣ እከራከራለሁ፣ ቅናሽ ያደርጉልኛል፣ እምቢ እላለሁ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን መኪናዋ አልቆመችም። በዚያ ላይ ዘይት ትጠጣለች። ማደያ ስገባ ዘይት ሞልቼ ቤንዚኑን ማየት ጀምሬ ነበር።

«ሞተሩን አውርደን እንሥራው» አልኩ።

«ምን ያደርጋል ጋሼ፣ እንቀይረው እንጂ።»

አባቴ ትዝ አለኝና ኮራሁ። «ይቺ መኪና እኮ የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ ስትሠራ ቁጥሯ 21,529,464 ደርሶ ነበር!» አልኩት። ይህን ቁጥር በቃሌ ይዤዋለሁ፤ የባለቤቴን የልደት ቀን ግን በየዓመቱ እረሳለሁ፤ ይህም ሌላ ክስ ነው።

ኢንጂነር እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እኔ ጋ የመጡት በሙሉ ዘይት ይጠጣሉ» አለኝ።

ያሰበላት የሱባሩ ሞተር ነው። «ዘመዷ ነው» አለኝ። የዝምድናው ሐረግ እንዲህ ነው፦ በብዙዎቹ መኪኖች ፒስተኖቹ ቆመው ላይ ታች ሲሉ፣ የቮልስም የሱባሩም ፒስተኖች ግን ግራና ቀኝ ተጋድመው፣ እንደ ሁለት ቡጢኛ ወዲያና ወዲህ ይሰነዝራሉ። ስሙም ቦክሰር ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ የቮልስ ወዳጆች ይህን ጋብቻ መፈጸም ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። እንግዲህ ፈረንጅ የሠራው ነገር ነው፤ ማን ይከራከራል?

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄድን። እዚያ ሞተር የሚገዛው እንደ በዓል ሙክት ነው። ኢንጂነር ዘወር ዘወር አለና አንዱን በጎኑ መታ መታ አደረገው፤ የዘይት ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ፤ ጣቱን ነክሮ አሻሸ፤ ፊቱን አጨፈገገ። ፊት ማጨፍገጉ ለሻጩ ነው፤ እኔን በእግሩ ረገጥ አደረገኝ፤ ይህ ማለት «ይሄ ነው» ማለት ነው። ባለ 2 ሊትር፣ ከ100 ፈረስ በላይ። ዋጋውን ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም፤ እዚህም አልጽፈውም።

የሞተሩና የካምቢዮው ቀዳዳዎች አይገጥሙም። ስለዚህ በመካከላቸው ሁለቱንም የሚያውቅ ወፍራም የአሉሚኒየም ሳህን ያስፈልጋል፤ በአንድ በኩል የጃፓኑን ቀዳዳ፣ በሌላ በኩል የጀርመኑን የያዘ። እኔ «ሽማግሌ» አልኩት። ሽማግሌው ቶርኖ ቤት ሦስት ጊዜ ተቆረጠ። የመጀመሪያው ለልጅቷ ወገን አደላ፣ ሁለተኛው ለልጁ፤ በሦስተኛው እርቅ ወረደ። ለሦስቱም ከፈልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ገረመኝ። መኪናዋ ጀርመን፣ ልቧ ጃፓን፣ ሐኪሟ የጉለሌ ልጅ፤ ሕክምናው ግን የሚካሄደው በጣሊያንኛ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ! ጣሊያንን ካባረርን ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖን፣ ጋራዣችን ውስጥ ግን ዛሬም አልወጣም።

ዋናው ጣጣ የመጣው በውሃ ነው። ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው ያላት፤ ራዲያተር የሚባል ነገር አታውቅም። አባቴ መንገድ ላይ ኮፋኖ ከፍተው በጀሪካን ውሃ የሚያጠጡ ሰዎችን ሲያይ በሐዘኔታ ራሱን እየነቀነቀ ያልፍ ነበር። ሱባሩው ግን ውሃ ይጠጣል። ውሃ ካለ ራዲያተር አለ። ራዲያተር ካለ ንፋስ የሚያገኝበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ሞተሩ ኋላ ነው፣ ንፋሱ ፊት ነው። ኢንጂነር የፊቱን ሣጥን ከፈተና ትርፍ ጎማዋን አየ። ጎማዋ ተነሳች፣ ራዲያተሩ ገባ።

በማግስቱ ዝናብ ጣለ፤ ፊት ለፊቴ የሚሄድ አይሱዙ ጭቃ ረጨኝ፤ የመስታወት ማጠቢያውን ተጫንኩ፤ ምንም የለም። ደወልኩለት። ረጅም ዝምታ ሆነና «ጎማዋ!» አለ። ለካ የዚህች መኪና የመስታወት ማጠቢያ ውሃውን የሚገፋው ከትርፍ ጎማዋ በሚወስደው ንፋስ ኖሯል። ይህን ያሰበ ጀርመናዊ ከፋ ወይስ እኔ፣ አላውቅም። ጎማዋ ወደ ኋላ ወንበር ተዛወረች፤ ከእሷ እስከ ማጠቢያው ድረስ ቀጭን ቱቦ ተዘረጋ። ከዚያ ወዲህ አማቴን ቤተ ክርስቲያን ስወስዳቸው ጎማ አቅፈው ነው የሚሄዱት። መስታወት ባጠብኩ ቁጥር ጎማዋ ጭናቸው ላይ «ፊሽ» ትላለች፤ እሳቸውም ያማትባሉ።

ቱቦዎቹ ከፊት ራዲያተር እስከ ኋላ ሞተር በወለሉ ሥር ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። ረጅም ቱቦ ውስጥ አየር ይደበቃል፤ አየር ከተደበቀ ውሃው አይዞርም። በዚያ ላይ ኢንጂነር ለራዲያተሩ ያገኘለት ክዳን የሌላ መኪና ነበር፤ ግፊት አይዝም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ፒያሳ ላይ እሜቴ በአፍንጫዋ እንፋሎት መትፋት ስትጀምር ነው። ሰው ተሰበሰበ። «ሞተሩ ተቃጠለ! ሞተሩ!» እያሉ ወደ ፊት ሮጡ። «ሞተሩ እዚህ አይደለም፣ ኋላ ነው» አልኩ። አንድ ሽማግሌ በርኅራኄ ክንዴን ይዘው «ደንግጦ ነው፣ ውሃ አጠጡት» አሉ። አጠጡኝ። ለራዲያተሩ ሲደርስ ውሃው አልቆ ነበር።

ስለ ኤሌትሪኩ ብዙ አልልም። የድሮው ሞተር የነበረው ገመድ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል፤ አዲሱ ኮምፒውተር አለውና ገመዱ የሸማኔ ድር ያህላል። ኤሌትሪሺያኑ ሦስት ቀን ሥሯ ተኝቶ ሲወጣ እጁ ውስጥ ሁለት ገመድ ተርፎ ነበር። «ትርፍ ናቸው» አለ። «ቼክ ኢንጂን» የምትለውን መብራት የሚያስገባበት ቦታ ዳሽቦርዱ ላይ ስላጣ መሳቢያው ውስጥ ሰቀላት። መሳቢያው ሲዘጋ ሞተሩ ጤነኛ ነው።

የሙከራው ቀን ወደ እንጦጦ ወጣን። እሜቴ በረረች! የሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች ቀሚስ ሳያነሱ አለፍናቸው። ዐይኔ እንባ አቀረረ፤ አባቴ ይህን ቢያይ አልኩ። ላይ ደርሰን ዞርን። መውጣት የሞተር ሥራ ነው፤ መውረድ ግን የፍሬን። ፍሬኗ ለ40 ፈረስ ታስቦ የተሠራ ከበሮ ፍሬን መሆኑ ትዝ ያለኝ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ነው። ፔዳሉ መጀመሪያ ጠነከረ፣ ቀጥሎ ሸተተ፣ ከዚያ ወለል ድረስ ወረደ። ኢንጂነር ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን መያዣ በሁለት እጁ አንቆ ለእንጦጦ ማርያም ጃንጥላ ተሳለ። በእጅ ፍሬን፣ በማርሽና በስለቱ ኃይል ቆምን። በሳምንቱ ሂሳቡን ሲያቀርብልኝ መጨረሻው ላይ «ልዩ ልዩ» የምትል መስመር አየሁ። ጃንጥላዋ መሆኗን ዋጋዋ ነገረኝ።

ከዚያ ፍሬኑ ተቀየረ። ፍሬኑ ሲቀየር ቸርኬው አልገጥም አለ። ቸርኬው ሲቀየር ጎማው። ለአሮጌ ቤት አንድ አዲስ ሶፋ የገዛ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ሶፋው መጋረጃውን ያሳማዋል፣ መጋረጃው ግድግዳውን፣ ግድግዳው ባለቤቱን።

ዓመታዊ ምርመራው ደረሰ። ተቆጣጣሪው ጨዋ ሰው ነው፤ ሊብሬውን ይዞ በእርጋታ ዞራት። ፊቷን ከፈተ፤ ራዲያተር። ዘጋ። ኋላዋን ከፈተ፤ አየ፤ ሊብሬውን አየ፤ እኔን አየ።

«መኪናው ቮልስ ነው?»

«አዎን።»

«ሞተሩስ?»

«ሱባሩ።»

«ፍሬኑ?»

«ከሌላ ነው።»

«ሊብሬው ላይ ያለው ስም የእርስዎ ነው?»

«የአባቴ ነው። ነፍሱን ይማረው።»

ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰካ። «ታዲያ እኔ የምመረምረው ምኑን ነው? ሰሌዳውን?»

የሞተሩን ሰነድ፣ የውርስ ወረቀቱን፣ ማመልከቻውን ይዤ ስመላለስ የከረምኩትን እዚህ አላወራም፤ ቦሎው ተለጠፈ፣ በቃ።

ጎረቤቴ ደግሞ አለልህ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ድምፅ ሳያሰማ ይገባል፣ ይወጣል። አንድ ቅዳሜ ስልኩን ይዞ መጣ። ቮልስዋገን ራሱ በ2019 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ላይ ያሳየውን በኤሌክትሪክ የምትሄድ አሮጌ ቮልስ አሳየኝ፤ ባትሪዋ 36.8 ኪሎዋት ሰዓት፣ አንዴ ተሞልታ 200 ኪሎ ሜትር የምትሄድ። «አንተ እኮ የለወጥከው አሮጌውን በአሮጌ ነው» አለኝ። መልስ ሳጣ፣ መኪናዋ ሥር ተጋድሞ የነበረው ኢንጂነር አንገቱን ብቅ አድርጎ ጠየቀ፦

«ባትሪው የሚታሰረው በስንት ብሎን ነው?»

ባለቤቴ መስኮቱን ዘጋችው።

ይህ ሁሉ ግን ከእናቴ ክስ አይበልጥም። እናቴ በአባቴ ቤት ናት፤ የድሮውን ሞተር እንዳልሸጠው ከልክላኝ ግቢዋ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ዶሮ ታቅፋበታለች። እሑድ እሑድ ምሳ የምበላው እሷ ዘንድ ነው። እሜቴ ልቧ ከተቀየረ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ስሄድ የግቢው በር ዝግ ነበር። አንኳኳሁ።

«በምን መጣህ?» አለችኝ።

«በመኪናዋ ነዋ፣ እማዬ።»

«ያቺ ቆርቆሮ? አልሰማኋትም።»

ወጡ ቀዝቃዛ ነበር። በቀጣዩም እሑድ ቀዝቃዛ ነበር። በሦስተኛው ጠየቅኋት።

«አባትህ ከአስፋልቱ ሲታጠፍ ነበር የምሰማው» አለች። «ያኔ ተነስቼ ወጡን እጥዳለሁ። መጥቶ እጁን እስኪታጠብ ሞቆ ይደርሳል። አንተ እንደ ሌባ ኮቴህን አጥፍተህ እየመጣህ በምን ልወቅ?»

ስልክ እደውላለሁ አልኳት። በስልክ የሚሞቅ ወጥ የለም አለችኝ።

ለኢንጂነር ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ አሰበ። የቮልስ ፉጨት ከሞተሩ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ኋላዋ ላይ ከማርሚታው የሚወጡት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው ዋሽንቶቹ። የድሮዎቹን ፈልጎ አመጣና ለሱባሩው በየዳቸው። ከመቶ በላይ ፈረስ በሁለት ዋሽንት ሲተነፍስ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም፤ ያ ሁሉ ጉልበት ጉሮሮው ላይ ቀረ። ቅዳሜ በሽሮ ሜዳ ስወጣ አንዷ ነጋዴ አወቀችኝ። ቀሚሱን አንስታ ከጎኔ እየተራመደች፣ «ጋሼ፣ ከዚያ ወዲህ እኮ ዋጋው ጨምሯል» አለችኝ።

እሑድ ከአስፋልቱ ስታጠፍ ማርሽ ቀነስኩና ነዳጁን ረገጥኩት። ድምፁ የድሮው አይደለም፤ ያፈነው ነገር አለ፣ ያስላል፣ መሃል ላይ ይፉጫል፣ ደግሞ ያስላል። ስደርስ የግቢው በር ተከፍቷል። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ጆሮዋን ወደ መንገዱ ሰጥታ ቆማለች።

«እሜቴ ጉንፋን ይዟቸዋል እንዴ?» አለችና ወጡን ልትጥድ ገባች።