ለቁራሌው ሽጣት ላልከኝ ሰውዬ

ምን አልክ? ድገመው እስቲ፤ እዚህ ቡሬ መገንጠያ የቆመው ሁሉ ይስማህ። «ይቺን የምታድሳትን ቮልስ ለቁራሌው ሽጠህ አትገላገልም?» ነው ያልከኝ? ቁርጡን ልንገርህ፦ ቁራሌው ቢመጣ መጀመሪያ ሚዛን ላይ የሚያወጣው ያንተን ወሬ ነው። ባዶ ቆርቆሮ ይገዛላ! ከዛሬ ጀምሮ ስምህ አያ ቁራሌው ነው። ሊብሬህን እዚሁ አወጣንልህ፤ የቆማችሁ ሁሉ ምስክር ሁኑ። ቦሎ ግን አንለጥፍልህም። ይህን ምላስ መርምሮ «ያልፋል» የሚል መርማሪ ገና አልተወለደም።

«አሜሪካኖች የሚያድሱት ሙስታንግ ነው፤ እሱ ጡንቻ አለው» ትላለህ። ሸጋ! እጅጌውን ሰብስበን ጡንቻውን እንየው። ሙስታንግ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1964፣ ኒው ዮርክ በተከፈተው የዓለም ትርኢት ላይ ነው። መነሻ ሞተሩ 6 ሲሊንደር፣ ጉልበቱ 101 ፈረስ። ይሄን ጡንቻ ካልከው፣ የበርበሬ ጆንያ ተሸክሞ መኪና ላይ የሚወጣውን የቡሬ ወዛደር ምን ልትለው ነው?

«የለም፣ እኔ ያልኩት ባለ 8 ሲሊንደሩን፣ 271 ፈረስ ያለውን ነው» አልክ። ፍሬቻ ሳታሳይ ታጠፍክ፤ ግዴለም፣ እንከተልሃለን። ባለ 271ዱን ይዘህ ፍኖተ ሰላም ድረስ። ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። አየሩ ሳስቷል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር የሚተነፍሰው ያነሰውን አየር ስለሆነ ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል ይጥላል። ቁጠር እንግዲህ፣ ከ50 በላይ ፈረስ ጂጋ ላይ አምልጦሃል! የጠፋ ፈረስ ፍለጋ ከወጣህ አይቀር ጥር 23 እንጅባራ ዝለቅ። የአገው ፈረሰኞች ካርቡሬተር የማያሻውን፣ ከፍታ የማያዳክመውን ያሳዩሃል።

ደግሞ ጡንቻ ያማረው ሰው ባሕር ይሻገራል እንዴ? በደጅህ ስንት ዘመን ያለፈውን ኤንትሬ ረሳኸው? ፊያት 682 ኤንትሬ፦ 6 ሲሊንደር፣ ናፍጣ፣ ሞተሩ ከ10 ሊትር ያለፈ። የአሜሪካኖቹ አሉ የተባሉት ጡንቸኞች 7 ሊትር አካባቢ ሲደርሱ ነው ዘፈን የሚዘፈንላቸው። ኤንትሬ እህል ጭኖ የዓባይን በረሃ በአንደኛ ማርሽ እያጉረመረመ ሲወጣ ያየ ሰው ጡንቻ ምን እንደሆነ ሌላ አስተማሪ አይቀጥርም። አንተ ግን በፎሌ ነህ። ሞተርህ ይጮኻል፣ ጎማህ አይዞርም።

አሁን ወደ ቮልሴ እንምጣ። ትናንት የፊት ኮፈኗን ከፍተህ ስኮርታ ጎማ ስታገኝ «ሞተሯ ተሰርቋል!» ብለህ ሰፈር አስጮኽክ። ከኋላ ነዋ! «ሞተር ከኋላ የት አገር አለ?» ትለኛለህ ደግሞ። በየቀኑ የምትሳፈረው ባጃጅ ሞተሩ የት ነው? ከኋላ። በምን ይቀዘቅዛል? በአየር። አንተ በምን ትቀዘቅዛለህ? እሱን ነው ያጣነው። ከኋላ የመጣ ዓይን አወጣ ይባላል፤ የቮልስ ሞተር ከኋላ ሆኖ ዳገት አወጣ። ስኮርታዋንም አትናቃት፤ በውስጧ ያለው ንፋስ በቱቦ ሄዶ የፊት መስታወት ማጠቢያውን ውሃ ይገፋል። ለዚያ ፓምፕ የለም፣ ሞተር የለም፣ የሚበላሽ ነገር የለም። የቮልስ ትርፍ ጎማ እንኳ ሥራ ይዛለች፤ አንተስ?

«ዓባይን አትወጣም» ላልከው ቁጭ ብለህ ስማ። ከጎሃ ጽዮን ወርደህ በደጀን በኩል ስትወጣ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርደህ ያንኑ መልሰህ ትቧጥጣለህ። ታች በረሃ ነው፣ ላይ ብርድ ነው። እዚያ ዳገት ላይ ስንቱ ዘመናዊ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እንፋሎቱን እየሸሸ፣ በጨርቅ የራዲያተር ክዳን ሊነካ እየፈራ ቆሞ አይተሃል! ጄሪካን ይዞ ውሃ የሚለምነውስ? ቮልስ ራዲያተር የላትም። የሌለ ውሃ አይፈላም። ቮልስ ውሃ አታነሳም፤ ያንተም ክርክር ውሃ አያነሳም። ልዩነታችሁ እሷ ደጀን መድረሷ ነው።

እርግጥ ዓባይን የሚወጣ ቮልስ የተያዘ ቮልስ ነው፤ ለዚህም ነው እጄ ከግራሶ የማይወጣው። ከኋላ አንዲት ችንጋ አለች። ዲናሞውንም፣ ሞተሩን የሚያናፍሰውን ማራገቢያም የምታዞረው እሷው ናት። ስትበጠስ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። የሌላ መኪና ሹፌር «የባትሪ ነው፣ ቤቴ ስገባ አየዋለሁ» ብሎ ይነዳል። የቮልስ ሹፌር እዚያው ጥግ ይይዛል፤ ማራገቢያው ከቆመ ሞተሩ ቤት ሳይገባ ይጠበሳል። ስለዚህ ትርፍ ችንጋና አንድ መፍቻ ከመኪናዋ አይለዩም፤ መቀየሩም እዚያው መንገድ ዳር ያልቃል። ለአንተ ግን ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ቀይ በርቶልሃል፤ አሁንም ትነዳለህ!

ዘይቷም ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ናት፤ የምታጣራውም በወንፊት ነው እንጂ ፊልትሮ የላትም። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፣ ወንፊቱም ይታጠባል። ከ4ቱ ሲሊንደሮች ደግሞ 3ኛው ከወንድሞቹ ይበልጥ ይሞቃል፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ፊቱ ተገትሮ ነፋሱን ይጋርደዋል። ቫልቭ የሚያስተካክል መካኒክ እሱ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ይይዛል። ይህን ሁሉ ያወቀ ሰው ሞተሯን አውርዶ ለመስቀል አይፈራም፤ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የያዟት 4 ብሎኖች ናቸው። 4ቱንም ትናንት አጠበቅኩ። አንዱም አልላላም። ያንተን ብሎን ግን በየትኛው መፍቻ እንደምንይዘው መካኒኮቹ ተሰብስበው እየመከሩ ነው። ወንፊትም እናስገባልህ ነበር፤ የመጣልህን ሁሉ ሳታጣራ ታወርዳለህ።

«ቀለም ቀብተህ አታብረቅርቃትም? ምን ወለል ለወለል ያንደባልልሃል?» አልክ። አይ አያ ቁራሌው! ዋሸራን የመሰለ የቅኔ ጉባኤ ያለበት ምዕራብ ጎጃም ተወልደህ ሰሙን ከወርቁ አትለይም? ቀለሙ ሰም ነው፤ ወርቁ ወለሉ ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። አሲዱ ጠብ ጠብ ሲል ስንት ዓመት ወለሉን ይበላል፤ ከላይ ግን ምንጣፍ ስላለ ማንም አያይም። ወንበሩን አንስቼ ምንጣፉን ስገልጥ በቀዳዳው መሬት አየሁ፤ ዶሮ ስታልፍ አየሁ። ምን ላድርግ? ምንጣፉን ልመልሰው? እሱማ ያንተ ሙያ ነው፤ ምንጣፍህን ብንገልጠው ስንት ዶሮ ይወጣ ነበር!

እኔ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆረጥኩ። «እስከ ጤነኛው» ያልኩትን ልብ በል፤ ዝገት ላይ የተበየደ ላሜራ ለፎቶ ይሆናል እንጂ ለመንገድ አይሆንም። ከዚያ አዲስ ላሜራ በልኩ ተቆርጦ፣ ተቀጥቅጦ፣ ተበየደ። ፀረ ዝገት ከላይም ከታችም ጠጣ። ባትሪው ላይ ደግሞ የጠፋው ክዳን ተመለሰለት፤ ክዳን ከሌለ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ከባትሪው ራስ ጋር ይገናኝና እሳት ይነሳል። አንተን ከኋላ ለማሳፈር ያለ ክዳን አልደፍርም፤ ከታችም ከላይም እሳት እንዴት ይቻላል?

ቀለሙ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያውም በስቱኮ ለተሞላ ጎን አይደለም። ፓራፋንጎዎቿ በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ የተጎዳው ይፈታል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይመለሳል። የእሷ ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ያንተ ሐሳብ ስንት ቁጥር ወረቀት እንደሚፈልግ ግን ሱቁም አያውቀውም።

«መለዋወጫ ከየት ታመጣለህ?» መልሱ አጭር ነው። ይቺ መኪና እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ስትመረት ኖራ ከ21 ሚሊዮን በላይ እህቶች አሏት። ዘመድ የበዛለት ዕቃ አያጣም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ትሄዳለህ፣ ተራህን ትጠብቃለህ፣ ታገኛለህ። «አዲስ ግዛ» ላልከውም ይኸው፦ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ሰማይ ሰቀለው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተባለ። ኤሌክትሪኩ ይምጣ፣ ይግባ፣ ይለምልም፤ ማን ጠላው? እዚህ ያለችውን ጤነኛ ብረት አቅልጦ ሚስማር ማድረግ ግን ምን የሚሉት ሥልጣኔ ነው? አዲስ ሙሽራ መጣ ተብሎ እናት ለቁራሌው ትሸጣለች?

ይህን ሁሉ ሰምተህ «የድሃ መኪና ናት» አልክ። አሁን ፍሬንህ ተበጠሰ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱ የተጫኑት በምን ነበር? በቮልስ! ሁለት በር ብቻ ያላት ናት፤ የፊቱ ወንበር ወደፊት ካልታጠፈ የኋላውን ማንም አይገባበትም። በዚያ ጠባብ መንገድ፣ ጎንበስ ብለው፣ ንጉሠ ነገሥት ገቡ። የዘውድ ዘመን በር ሲዘጋ የተዘጋው የቮልስ በር ነው። ያንን ወንበር ስጠግን፣ ያቺን የበር ማጠፊያ ግራሶ ስቀባ በእጄ የያዝኩት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የመምህሩንም፣ የሐኪሙንም፣ የባለሥልጣኑንም ዘመን ተሸክማ እዚህ ደርሳለች። አንተ የምታያት በኪሎ ነው። ታሪክ በኪሎ አይሸጥም፤ ሚዛንህን አንሳ!

«ታዲያ ለምን ትገፋለች?» ብለህ የመጨረሻ ጥይትህን ተኮስክ፤ እሱም ከሸፈ። አንተ ስትለፈልፍ ፓውዛዋ በርቶ ቆይቶ ባትሪዋ ደከመ፤ ዕዳው ያንተ ነው። ደግሞስ መገፋት ነውር ነው? ያ አውቶማቲክ መኪና ያለው ጓደኛህ ባትሪው ሲያልቅ ከዚህ እስከ ማንኩሳ ቢገፋ አይነሳለትም፤ ጭነት መኪና ጠርቶ ይከፍላል። ቮልስ 800 ኪሎ ገደማ ናት፤ ሁለት ሰው ትንሽ ቁልቁለት ካገኘ ይበቃታል። ቁልቁለቱ ይኸው። አንዱ ሰውም ይኸው፣ ያ ባለ ነጠላ ጫማ ጎረምሳ እጅጌውን ሰብስቧል። ሁለተኛው አንተ ነህ። ና፣ አያ ቁራሌው፤ ግፍ ከምትናገር ግፋ! እኔ ቁልፉን አዙሬ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቻለሁ፣ ፍሪሲዮን ረግጫለሁ። «ልቀቅ!» ስትል እለቃለሁ። ስትነሳ ግን ከኋላዋ ዞር በል፤ ጭስ ማውጫዋም ሞተሯም በአንተ በኩል ናቸው፤ የምትመልስልህም እሷ ራሷ ናት።