የሀዋሳ ሐይቅ ተደጋጋሚ ተሳፋሪ፦ ጠባዩ፣ ማዕረጉና የመቀመጫው ጉዳይ

በሌላው ዓለም ውቅያኖስን ለንግድ ወይም ለስደት ሳይሆን ለደስታ ብሎ ደጋግሞ የሚሻገር ሕዝብ አለ። ከሳውዝሃምፕተን ተነስቶ አውሮፕላን በሰዓታት የሚጨርሰውን መንገድ በሰባት ቀን ተጉዞ ኒውዮርክ ይደርሳል፤ ደርሶም ስለሚቀጥለው ጉዞ ይጠይቃል። የመርከብ ኩባንያዎችም ይህን ወገን ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲነም እያሉ በማዕረግ ይሾሙታል። የአገራችን አቻው፣ ማለትም የሀዋሳ ሐይቅ ተደጋጋሚ ተሳፋሪ፣ ያለ ሹመት ቀርቷል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተዘጋጀ ነው።

ታሪካዊ ዳራውን በአጭሩ እንለፈው። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም፤ በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የመርከብ ድርጅቷ ግን ሥራውን አላቋረጠም። እንዲያውም ነዳጅ እንዲጭኑ ካሠራቸው መርከቦች አንዱን «ሀዋሳ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ከተማዋ በስሟ ውቅያኖስ ከተሻገረች፣ ነዋሪዋ ሐይቅ ላይ ወጣ ብሎ መመለሱ እንደ ድፍረት ሊታይ አይገባም።

ሁለቱን ውኃዎች ማነጻጸር የግድ ነው። የሀዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥልቅ በተባለበት ቦታ 22 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የአትላንቲክ አማካይ ጥልቀት ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ለመስጠም ሁለቱም ስለሚበቁ በዚህ ረገድ የጎላ ልዩነት አልተገኘም። በከፍታ ግን ብልጫው የሀዋሳ ነው፤ የአትላንቲኩ ካፒቴን ዕድሜውን ሙሉ ከባሕር ወለል አንድ ስንዝር ፈቅ ሳይል ጡረታ ይወጣል፤ በሐይቁ ዳር ያለው የአሞራ ገደል ጀልባ ነጂ ግን በየቀኑ ሞተሩን የሚያስነሳው 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ነው። በተጨማሪም ሐይቁ የጥቁር ውኃን ወንዝ ይቀበላል እንጂ በምድር ላይ የሚያስወጣው ወንዝ የለውም፤ የገባው ውኃ በአብዛኛው ተንኖ ይጠፋል። ቅዳሜና እሑድ የተሳፋሪው ገንዘብም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ተደጋጋሚ ተሳፋሪ የሚባለው ማን ነው? የውቅያኖሱ ሰው ራሱን ይዞ ይሄዳል። የሀዋሳው ግን እንግዳ ይዞ ነው የሚሄደው። ለምሳሌ በሀዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚኖርን አንድ ባለትዳር እንውሰድ። አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ ዘመድ አይጠፋበትም። የአክስት ልጅ፣ የአክስት ልጅ ጓደኛ፣ ከአሜሪካ የመጣ የጓደኛው ወንድም፤ ሁሉም ቡናው ሳይፈላ «ሐይቁስ?» ይላሉ። ባጃጅ ይጠራል፤ ጉዞ ወደ አሞራ ገደል ይሆናል።

አሳፋፈሩ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ኮንትራት፣ ወይ ሲሞላ። ሲሞላ የሚሄደው ጀልባ ምንጊዜም «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን» እየተባለ ይቆማል። ጥናቱ ይህንን አንድ ሰው አግኝቶ ለማነጋገር ያደረገው ጥረት አልተሳካም፤ ሰውየው ገና አልመጣም።

ወደ ዋናው ግኝት እንምጣ። ተደጋጋሚ ተሳፋሪ ጉማሬ አያይም። ጀልባው ጉማሬ ወዳለበት ዳርቻ ተጠግቶ ሞተሩ ሲጠፋ፣ ሁሉም አንገቱን ወደ ውኃው ያሰግጋል፤ እሱ ብቻ ፊቱን ወደ እንግዶቹ አዙሮ ይቀመጣል። «የታለ? የታለ?» ይባላል። «ያ ድንጋይ አይደለም እንዴ?» ይባላል። ድንጋዩ ጆሮውን ያርገበግባል። በዚህች ቅጽበት ከተደጋጋሚው ተሳፋሪ ፊት ላይ የሚነበበው እርካታ ጥጃውን ገበያ ላይ ያስወደደ ገበሬ ብቻ የሚያውቀው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቆይ፣ አሁን ደግሞ በዚያ በኩል ይወጣል» ይላል። ካልወጣም አያፍርም፤ «ትናንት ሞልተው ነበር» የሚል በቂ መልስ አለው። የትናንት ጉማሬ በሀዋሳ ሐይቅ እጥረት ገጥሞት አያውቅም።

የማዕረጉ ጉዳይ ሰፊ ነው። በቅንጦት መርከብ ላይ የቆየ ደንበኛ ከካፒቴኑ ጋር እራት ይበላል፣ ሻምፓኝ ይቀዳለታል። በአሞራ ገደል የመጀመሪያው ማዕረግ በመልክ መታወቅ ነው። ከዚያ የሚበልጠው «ለእርስዎ ስለሆነ ነው እንጂ ጋሼ» ተብሎ ለሁሉም የተነገረውን ዋጋ መስማት ነው። ማዕረጉ ከፍ ባለ ቁጥር መቀመጫው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ፊቱ ለእንግዳ ስለሚለቀቅ ቤተኛው ከሞተሩ ጎን፣ ከጭሱ ጋር ይጓዛል። ላይፍ ጃኬት አንድ የጎደለ እንደሆነ ሁሉም የሚያየው እሱን ነው። ከዚህ በላይ ያለው ጀልባው ዳር ሲደርስ ገመድ የሚወረወርለት ነው፤ እዚህ ደረጃ የደረሱት ጥቂቶች ናቸው፣ ጫማቸውም ርጥብ ነው።

ስለ ምግቡ ብዙ አይባልም። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጥሬውን በዳጣ ወይም ተጠብሶ ይቀርባል፤ ከየትኛውም የመርከብ ቡፌ ጋር ለማወዳደር ፈቃደኛ አይደለሁም። በመርከብ ላይ ለእራት ጥቁር ሱፍ መልበስ ደንብ ነው አሉ፤ በአሞራ ገደል ይህን ደንብ የሚያከብረው አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ ብቻ ነው፤ ለብሶ ይቆማል፣ የዓሣው አንጀት እስኪጣል ይጠብቃል።

ጀልባው ማዶ ሳያወርድ ወደ ተነሳበት ስለሚመለስ፣ ነገሩ ጨርሶ መሻገር አይደለም የሚሉ ወገኖች አሉ። የውቅያኖሱም ሰው ዞሮ ዞሮ ቤቱ ስለሚገባ ክርክሩ ውኃ አያነሳም።

ይበልጥ የሚከብደው ሌላ ነው። በጉዳዩ የተጠየቁ ተደጋጋሚ ተሳፋሪዎች በአንድ ድምፅ «ሰለቸን» ይላሉ። እንግዶቹን ታዲያ ለምን ብቻቸውን አትልኳቸውም ሲባሉ ደግሞ፣ ይህም በአንድ ድምፅ፣ «ያታልሏቸዋላ!» ብለው ይቆጣሉ። ብቻቸውን የሄዱ እንግዶች የከፈሉት ተጣርቷል፤ ዋጋው ያው ነው።