ታፔላው በጠመኔ ይጻፍ

የአገራችን ግብርና ምርምር ለውጥ አያውቅም የሚሉ ሰዎች አፋቸውን ይሰብስቡ። በ1958 ኢንስቲትዩት ተብሎ ተቋቋመ፤ በ1989 ድርጅት ሆነ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ኢንስቲትዩት ተባለ። ግብርና ሚኒስቴርማ በ1996 ገጠር ልማትን አገባ፣ ፈታ፣ በ2008 ተፈጥሮ ሀብትን አገባ፣ በ2010 እንስሳት ሀብትን ቤቱ አስገባ፣ በ2011 ሁሉንም ሸኝቶ ብቻውን ቀረ። ከዚህ በላይ ምን ለውጥ ይምጣ?

እኔ ስሙን በማልጠራው አንድ የምርምር ጣቢያ የመስክ ረዳት ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱ ስም በቀየረ ቁጥር አዲስ ሲጻፍባት ወንበሬ ሦስት የንብረት ቁጥር ነበራት፦ አንዱ በጥቁር ቀለም፣ ሁለተኛው እሱን ሰርዞ በቀይ፣ ሦስተኛው ቦታ ቢያጣ እግሯ ላይ። አራተኛ እግሯ ግን ተሰብሮ በጡብ ነው የቆመችው። ንብረቱን ለአዲሱ ስም ባስረከብንበት ቀን አንድ የኮሚቴ አባል ጡቡን አየና “ለዚህ ሞዴል 19 ተቆርጦለታል?” ብሎ ግማሽ ሰዓት አከራከረን። ወንበሯን ማሠራት ግን ለማንም ትዝ አላለውም።

ርክክቡ የዋለው በነሐሴ ነው፤ በቆሎው ከላይ አበባውን፣ ከጎን ጸጉሩን ባወጣበት ሰሞን። የበቆሎ ማዳቀል ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። ጸጉሩን በወረቀት ከረጢት ሸፍነህ ትጠብቃለህ፤ ከአበባው ዱቄቱን በጠዋት አራግፈህ ትነሰንስበታለህ፤ ካለፈህ አለፈህ። እኛ አዳራሽ ነበርን። አዲሱ አመራር ራዕዩን አስተዋወቀን፤ የድሮው ራዕይ ሆኖ ዓመተ ምሕረቱ ተስተካክሏል። ቆሎውም ጥሩ ነበር። ንፋሱ ብቻ ስብሰባ አልተጠራምና ማሳው ላይ የፈለገውን ከፈለገው ጋር ሲያዳቅል ዋለ።

ከዚያ ምደባ መጣ። አሥራ ስድስት ዓመት የተቀመጥኩባት ወንበር ላይ ለመቀመጥ፣ ከነጡቧ፣ ማመልከቻ ጻፍኩ። የሥራ ልምድ አምጣ ተባልኩ። ልምዴን የሚጽፍልኝ የድሮው መሥሪያ ቤት ነው፤ የድሮው ማኅተም ደግሞ ገቢ ሆኗል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማኅተሙ ሳይሄድ ባዶ ወረቀት አስመትቼ ማስቀመጥ ነበረብኝ።

ዋናዎቹ አጥፊዎች ግን ተመራማሪዎቹ ናቸው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከባኮ የወጣው ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ ይህን ሁሉ ሹም ሽር አሳልፎ፣ ጎጃም ማሳ ላይ ያው ቢኤች 660 ሆኖ ኖረ። በሽታ ሲያስቸግረው ተተኪ አወጡለት፤ ስሙን ቢኤች 661 አሉት። አንድ ቁጥር! የስንት ዓመት ልፋት ውጤት ይዞ አንድ ቁጥር መጨመር ስንፍና ካልሆነ ምን ይባላል? ለአመራር ቢሰጥ በሁለት ወር ውስጥ፣ ዘሩን ሳይነካ፣ አራት ቃል ያለው ስም ከነአርማው ያወጣለት ነበር።

ለስም መቀየሪያው ወጪ ለሚጨነቁ አንድ ሐሳብ አለኝ፦ ታፔላው በጠመኔ ይጻፍ። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ያጥበዋል፤ ለአጥፊ ኮሚቴ አበል አይከፈልም።

ስም ቢቀየር ምን ይፈይዳል የሚለኝ ሰው ደግሞ ከተማችንን ይይ። ወጀት ነበረች፤ ንጉሡ ፍኖተ ሰላም አሏት፣ የሰላም መንገድ። ዛሬ ከዚህ ቡሬ የሚሄድ ሰው ሻንጣውን ከማንሳቱ በፊት ዘመዱ ጋ ይደውልና “መንገዱ ክፍት ነው?” ይላል።