አባ መብረቅ ነኝ

ፈረስ ሳይኖረኝ የፈረስ ስም ነበረኝ። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። እነሱ ግን መጀመሪያ ፈረሱ ላይ ወጥተዋል። እኔ ይቺን ዘለልኳት። ሱሉልታ ከብት እርባታ ልሠራ መሄዴ የተቆረጠ ዕለት፣ ገና ሻንጣዬን ሳልዘጋ፣ ቴሌግራሜ ላይ «አባ መብረቅ» ብዬ ጻፍኩ።

ለጓደኞቼ ሥራዬን ስናገር ደግሞ «የእንስሳት ሀብት ክትትል» ነበር የምለው። እረኝነት ነው። ያውም ምክትል እረኛ። ዋናው እረኛ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ እኔ የተፈለግሁት እሱ ትምህርት ቤት ሲውል ከብቶቹን ዓይን እንዲያያቸው ብቻ ነው። የእርባታው ባለቤት የእናቴ ጓደኛ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» ይላቸዋል፤ እኔም አዴ እላቸዋለሁ።

ዕድሜ ልኬን በቴሌቪዥን ጉግስ ሳይ ተቺ ነበርኩ። ሶፋ ላይ ተጋድሜ «ይሄ ልጅ ልጓም አያያዝ አያውቅም!» እላለሁ። ልጓም የሚባለው ፈረሱ አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት መሆኑን፣ በእጅ የሚያዘው ደግሞ ዛብ እንደሚባል የተማርኩት ሱሉልታ ነው። ያስተማረኝ ልጁ ነው፤ ልጓም ልይዝ ብዬ እጄን ወደ ፈረሱ አፍ ስሰድ ደርሶ።

ፈረሱ ዳማ ነው። እኔ መሬት የሚጭር የጦር ፈረስ ጠብቄ ነበር፤ የተሰጠኝ ቡራዩ ውስጥ ለዓመታት ጋሪ ጎትቶ በጡረታ የተገለለ ሽማግሌ ሆነ። ይሁን አልኩ።

መጽሐፍ ማንበብም ጎዳኝ። የድሮ ፈረሰኞቻችን በባዶ እግራቸው ስለሚጋልቡ እርካብ ውስጥ የሚያስገቡት አውራ ጣታቸውን ብቻ ነበር። ይህን አውቃለሁ። እናም አንድ የታኅሣሥ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሳሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ሳለ፣ ጫማዬንም ካልሲዬንም አወለቅሁ።

«ጋሼ፣ ጫማህን ሌባ ወሰደብህ?» አለኝ ልጁ።

«ባህል ነው» አልኩት።

ልጁ የራሱን ቦት ጫማ አየ፣ እኔን አየ፣ ዝም አለ። አውራ ጣቴን እርካብ ውስጥ ከትቼ፣ ኃይሌን ሰብስቤ ተነሳሁ። መውጣቱንስ ወጣሁ፤ ኮርቻው ላይ አልቆምኩም እንጂ። ቀጥታ በወዲያኛው በኩል ወረድኩ። ዳማው ዞር ብሎ አየኝና ግጦሹን ቀጠለ።

በኋላ መቀመጡ ሲሳካልኝ ሌላ ጉድ መጣ። ዳማው የጋሪ ጠባዩን አልተወም። ዘንቢል የያዘች ሴት ካየ ይቆማል፤ እስክትሳፈር ይጠብቃል። ወፍጮ ቤት ደጃፍማ ሥር ይሰዳል። አንድ ቀን እዚያ ተገትረን፣ እንደ መኳንንት ደረቴን ነፍቼ ለአላፊ አግዳሚው እጅ ስነሳ፣ አንዲት እናት የዱቄት ጆንያቸውን ወደ ጭኔ አስጠግተው «ጫንጮ በስንት ነው?» አሉኝ።

የሱሉልታ ሜዳ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አትሌቶች ከንጋት ጀምረው ይሮጡበታል። ሁሉም ይቀድሙናል። ልብ በሉ፣ እኔ ፈረስ ላይ ነኝ። ከሯጮቹ አንዷ ስታልፈን «በርታ!» አለች። ለኔ ይሁን ለፈረሱ አልጠየቅሁም።

ከብት መንዳቱስ? ሜዳው በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ከጥቅምት ወዲህ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሹ ከተከመረ በኋላ ለከብት ይለቀቃል። ላሞቻችን ክልስ ናቸው፣ ሰው «የፈረንጅ ላም» የሚላቸው። ጠዋት ጠዋት ነዳኋቸው እላለሁ እንጂ መንገዱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ እኔ ጅራፌን ትከሻዬ ላይ ጥዬ እከተላቸዋለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሱሉልታ ከሰበታና ከቡራዩ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ስለገባች፣ በወረቀት ከተማ መሀል ነው የማግደው።

ቡሬ የምትባለዋ ግን ወረቀት አታውቅም። የጎረቤት ድርቆሽ ክምር ውስጥ እስከ አንገቷ ገባች። «ውጪ!» አልኳት። «ኧረ በእናትሽ!» አልኳት። ታመነዥካለች። ጅራፌን አነሳሁ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል፤ የኔው ለየት ያለ ነው፣ ጆሮዬን ገረፈኝና የጮኽኩት እኔ ነኝ። ልጁ ደብተሩን እንደያዘ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከሩቅ በኦሮምኛ አንዴ ጠራት። መጣች።

ማታ ለአዴ አስረዳሁ። «ጥፋቱ የኔ አይደለም አዴ፤ ላሟ አማርኛ አይገባትም።»

«ለኔ ይገባታል፣ ልጄ» አሉኝ።

የድርቆሹ ካሳ ከደመወዜ ተቆረጠ። በክፉ ጊዜ ነው ደግሞ፤ ከኅዳር 15 የገና ጾም ሲገባ የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ወተቱ ተንጦ ቅቤው ለበዓል ይጠበቃል። ያልተናጠው ወዴት እንደሚሄድ አዴ አንድ ቀን ጠየቁኝ። ጥጃው ላይ አሳበብኩ። እኔ ጿሚ ነኝ ብዬም ማልኩ፤ አረፋው ጺሜ ላይ መኖሩን ማን ነገረኝ?

ይህ ሁሉ ሆኖ ፎቶ ተነስቻለሁ። ኮርቻው ላይ ቀጥ ብዬ፣ ፊቴን ወደ እንጦጦ አዙሬ፣ አሸናፊ መስዬ። ዳማውን አፉ ሥር የያዘውን ልጅ በስልኬ ቆርጬ አወጣሁትና ለቤተሰብ ላክሁ። ወንድሞቼ አጨበጨቡ። እናቴ ግን ታሰፋዋለች፣ ፎቶ ሳታሰፋ አታይም።

«ፈረሱ ያምራል» ብላ ጻፈችልኝ። «ልጓሙ ሥር አራት ጣት ይታየኛል፣ የማን ነው?»

ኔትወርክ የለም ብዬ ጻፍኩላት።