የሳሎኑ ሳንሱር

የዘንድሮ የአዲስ አበባ ወላጅ የልጁን ተሰጥኦ ለማውጣት የማይከፍለው ገንዘብ የለም። ልጁ ተሰጥኦውን ሲያወጣው ግን «ኧረ ሶፋው!» ብሎ ይጮኻል።

ባለ 24 ቀለሙ ሳጥን ከመርካቶ ወይም ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ይገባና ቡፌው ላይ፣ የልጁ እጅ ከማይደርስበት፣ ከሠርግ ብርጭቆዎቹ ጎን ይሰየማል። እንግዳ ሲመጣ «ለልጁ የተገዛ ነው» ይባላል። ልጁም እንደ እንግዳው ከሩቅ ያየዋል።

ወጥ ቤቱ ደግሞ ቀለም ሞልቶታል። እርድ በውኃ ሲበጠበጥ ቢጫ ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ ጣል ሲደረግበት ወደ ቀይ ይዞራል። ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውኃ ሮዝ፣ የቡና አተላ ቡኒ ይሆናል። ዱቄት በውኃ ቀጠን ተደርጎ ከበሰለ በኋላ ሲቀዘቅዝ እነዚህን ቀለሞች ይዞ በጣት ይቀባል። ለሁለት የተገመሰ ድንች ማኅተም ነው፤ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ዝናብ ያዘንባል። በርበሬን ብቻ ተዉት፤ ዓይን ከገባ ሠዓሊውም ቤተሰቡም ያለቅሳሉ። ግን ይህን ማን ይሞክራል? ጎረቤት «ቀለም መግዣ አጡ» ቢልስ?

ትምህርት ቤቱ «ከቤት ዕቃ ሥዕል ሠርታችሁ ኑ» ያለ ዕለት ደግሞ ጉድ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ተማሪው ተኝቷል፤ አባት ድንች ይጠርባል፣ እናት ኮላ ትቀባለች፣ «ቢጫው በዛ» ተባብለው ይኳረፋሉ። በማግስቱ የኬጂው ግድግዳ የጎልማሶች ዐውደ ርዕይ ሆኖ ይውላል። መምህርቷ «ጎበዝ!» ስትል ልጁ ዞር ብሎ አባቱን ያያል።

የሚያሳዝነው በገዛ እጁ የሠራው ልጅ ነው። ከራስ ላይ እግር የበቀለለት ሰው ስሎ ይመጣል፤ «ሆዱስ?» ተብሎ ይታረማል። በሦስትና በአራት ዓመታቸው ብዙ ልጆች ሰውን የሚስሉት ግን እንዲሁ ነው። ሆድ እንደሆነ ከዕድሜ ጋር ይመጣል፤ አባቶች ምስክር ናቸው።

የሥነ ጥበብ ትምህርት ሊቁ ቪክቶር ሎዌንፌልድ በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ልጅን ሌላ ሰው የሣለውን ሥዕል ቀለም ማስቀባት የራሱን ፈጠራ እንደሚጎዳ ተከራክሯል። እኛ ዛሬም «ከመስመር እንዳትወጣ!» እንላለን። መስመር መጠበቁን የታክሲ ሰልፍ ያስተምረዋል፤ ምን አስቸኮለን?

ስለዚህ ወላጆች፣ እርድ ልብስ ላይ ከያዘ አይለቅምና አሮጌ ቲሸርት አልብሱት፤ ወለሉ ላይ ላስቲክ አንጥፉ፤ ከዚያ እጃችሁን ሰብስባችሁ ቁጭ በሉ። ሥዕል ያማረው አባት ካለ ራሱን ኬጂ ያስመዝግብ።